አውሮፕላኑ ቢደክመው ማን ቤት ያርፋል?

ስለ አውሮፕላን ጉዞ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ። ደብረ ማርቆስ ገብቶ «የበቅሎ ነጋዴው ቤት» ያለ ሰው አይጠፋበትም። እርግጥ ነው፣ የበረርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በመልሱ። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ እየበረረ መስኮት ተደግፎ ከማንቀላፋት በቀር ምንም የማያውቅ ሰው ሞልቷል። እኔ ገና መሬት ላይ ሳለሁ ነው ጉዞውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የጨረስኩት።

መቼም የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ ትልልቅ ፊደል ሳይ ደስ ይለኛል። ራዲዮ መጠገንም ማንም አላስተማረኝም። የሰፈራችንን ራዲዮ ሁሉ ፈትቼ ገጥሜአለሁ፤ ከመካከላቸው ዛሬም ድረስ የሚናገር አለ። ባለቤቴ ወለላ «የሚናገረው አንተ ያልነካኸው ነው» ትላለች። ወለላ በትዕቢት እንዳልጠፋ እግዜር ያስቀመጠልኝ ልጓም ናት። ልጓም መሆኗን አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ግን ትጠብቃለች።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የልጅ ልጄ ባንቻምላክ አውሮፕላን ማብረር ትማራለች። እናቷ በጨቅላነቷ ስለሞተችባት ያሳደግናት እኔና ወለላ ነን። ገና መራመድ ሳትጀምር ነው በቅሎ ላይ ያስቀመጥኳት። ከፍታን የለመደችው እዚያ ነው። «ይህን ለመምህሮችሽ ንገሪያቸው» እላታለሁ፤ «እነግራቸዋለሁ አባባ» ትለኛለች፤ መንገሯን ግን እጠራጠራለሁ።

በመስከረም መጨረሻ ደወለች።

«አባባ፣ ጥቅምት ውስጥ ደብረ ዘይት የአውሮፕላን ትርኢት አለ። እኔም እበራለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ሕዝብ ፊት ስበር የመጀመሪያዬ ነው።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እርስዎ ቆመው ካላዩኝ እጄ የሚታዘዘኝ አይመስለኝም።»

ይህን የሰማ ሰው ምን ይላል? «እመጣለሁ» አልኳት። «ጋቢዬን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ። አንቺ ከላይ ሆነሽ እሱን ፈልጊ።»

ቲኬቱንም እሷው ቆረጠችልኝ። ማርቆስ አውሮፕላን ማረፊያ ካገኘች ወዲህ የኛ አገር ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄድ። «ቅዳሜ ጠዋት ከማርቆስ ይነሳሉ፣ አዲስ አበባ ያርፋሉ፣ እኔ ተቀብዬ ቤቴ አመጣዎታለሁ፤ በቃ» አለችኝ።

በቃ!

አንባቢዬ፣ ለበቅሎ ነጋዴ ስለ መንገድ «በቃ» አይባልም። የኛ ሙያ ሕግ አለው፦ ማደሪያህን ሳታውቅ ጭነት አትጫን። በቅሎ ትደክማለች፣ ወንዝ ይሞላል፣ ጭነት ያጋድላል። ብልህ ነጋዴ በየመንገዱ ወዳጅ አለው፤ ቢመሽበት የማን አጥር ውስጥ በቅሎውን እንደሚያስር ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል። እኔ በዚህ ሕግ ከማርቆስ አዲስ አበባ ስመላለስ አንድ ቀን ሜዳ ላይ አላደርኩም። እና አውሮፕላን ከበቅሎ በምን ይሻላል? በጆሮው አንሶ በሆዱ ሰፋ እንጂ!

«አውሮፕላን አይደክምም» አለች ወለላ።

«ስንት አውሮፕላን ታውቂያለሽ?»

«አውሮፕላን አላውቅም። የሚደክመውን ግን አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ።» እሷ መሄድ አልፈለገችም። «እኔ ከመሬት ጋር አልተጣላሁም» ነው ያለችው።

ፈርቶ ነው የሚል አይጠፋም። የዓባይን በረሃ በቅሎ እየጎተትኩ የወረድኩ ሰው ነኝ። ጥንቃቄና ፍርሃት ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ያ የኔ ጥፋት አይደለም።

መጀመሪያ የደወልኩት በመንገዱ ላይ አምበር ለሚኖረው የወለላ ወንድም ለአለልኝ ነው።

«አለልኝ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ በላያችሁ አልፋለሁ። ምናልባት አውሮፕላኑ ቢደክመው መስክህ ላይ እናርፋለን።»

«ጋሼ፣ መስኩ እኮ ሣሩ ገና አልታጨደም።»

«እንግዲህ እወቅበት።»

«እሺ ይታጨዳል። ስንት ሰው ነው የሚይዘው?»

«ሰባ ቢሆን ነው።»

ከዚያ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ጓዳ ሲጣራ ሰማሁት፦ «ሰማሽ ወይ! ጋኑን አውርጅው!»

ሁለተኛው ደጀን ያሉት መሪጌታ ይሁኔ ናቸው። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪ ሳሉ ደረቅ ኮቸሮ እንጀራ ለምነው ሲመለሱ በበቅሎዬ አፈናጥጫቸዋለሁ፤ ያን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ እኔም እንዳይረሱት አልፎ አልፎ አነሳዋለሁ።

«ከሰማይ ለሚመጣ እንግዳ ቤታችን ጠባብ ናት፤ ዐውድማችን ግን ሰፊ ነው» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። የሚያድሩት ዓባይን ሳይሻገሩ ነው ተሻግረው?»

«ሳንሻገር ነው እንጂ! ዓባይ በማለዳ ነው የሚወረደው።»

«አብራሪው ይህን ያውቃል?»

«እነግረዋለሁ።»

ሦስተኛው ጎሃ ፅዮን ያለው ኦቦ ቱፋ ነው። አብረን በቅሎ ገዝተናል፣ አብረን ሸጠናል፣ በአንዲት ረጋጭ በቅሎ ሁለታችንም ተረግጠናል። ከዚህ በላይ ወዳጅነት የለም።

«አንተ ሽማግሌ፣ በቅሎዎቹን ሸጠህ ክንፍ ገዛህ?» አለኝ።

«ቱፋ፣ ምናልባት ዓባይን ሲሻገር ቢደክመው ብዬ ነው።»

«ይድከመው! ይድከመው እንጂ! ደጄን ከረገጥክ ስንት ዘመንህ ነው? በሬዎቹን አስወጥቼ ሜዳውን ባዶ አደርግልሃለሁ። ግን ስማ፤ እኔን አልፎ ሌላ ቦታ ያረፈ እንደሆነ ተጣልተናል።»

ስልኬን ስዘጋ እንደ ንጉሥ ነው የተሰማኝ። ከማርቆስ እስከ ሰላሌ ደጅ ድረስ ሰማዩን በወዳጅ አሳጥሬዋለሁ። ያልገመትኩት ነገር ቢኖር ሦስቱ እርስ በርስ ስልክ መደዋወላቸው ነው። በሳምንቱ አለልኝ ደወለ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ፣ ደጀንም ማረፊያ ጠይቀዋል አሉ። የኛ ጠላ ምን ጎደለው?»

«ለጥንቃቄ ነው።»

«ጥንቃቄ! እኔ ሣሩን አሳጭጄ፣ ደቦ ጠርቼ ድንጋዩን አስለቅሜ! ቢደክመው ለምን አምበር ላይ አይደክመውም?»

መሪጌታም ደወሉ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ተማሪዎቻቸው ከሰዓታቱ ጋር ስለ ጉዞው እንደሚጸልዩ ብቻ ነገሩኝ። ምን ብለው እንደሚጸልዩ አልነገሩኝም። ቱፋማ በግልጽ ለአቦ ተስያለሁ አለ። ወለላ ይህን ሁሉ ሰምታ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «አንድ አውሮፕላን እንዲወድቅ ሦስት አገር ሲለማመን አይቼ አላውቅም» አለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ወለላ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ፤ ዱላዬንና ጋቢዬን ይዤ አውሮፕላን ማረፊያው በማለዳ ተገኘሁ። ሻንጣ የምትመዝነውን ልጅ ሥራዋን በማክበር ጠየቅኳት፦

«ልጄ፣ የምናድረው ከዓባይ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«አባቴ፣ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ እኮ ነው የሚደርሱት።»

«ይሁን። ግን ቢደክመው፣ አምበር፣ ደጀንና ጎሃ ፅዮን ማረፊያ ይዣለሁ። ለአብራሪው ንገሪልኝ። ሜዳው ተለቅሟል።»

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ «እነግርልዎታለሁ» አለችኝ። ከኋላዬ የቆሙት ተሳፋሪዎች ሳቁ። ሳቅ የማያውቁት ነገር ሲያጋጥማቸው ሰዎች የሚያሰሙት ድምፅ ነው።

ታዲያ ምን ይሆናል? ያለ ወቅቱ ከጮቄ ተራራ ጭጋግ ወረደ። የወረደ ስል ቀለል ያለ አይምሰላችሁ፤ የያዝኩትን ዱላ ጫፉን ማየት አቃተኝ። ተቀምጠን ሳለን ከበላያችን የሞተር ድምፅ መጣ። ራቀ። ተመልሶ መጣ። ዞረ፣ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። በመጨረሻ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ልጅቷ ወጥታ አውሮፕላኑ ማረፍ ስላልቻለ ወደ አዲስ አበባ መመለሱን፣ በዕለቱም በረራ እንደማይኖር ነገረችን።

ተነሳሁ። «አላልኳችሁም?» አልኩ። «ማረፊያ ሳይዝ መጣ!»

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም። ድል ማድረጌ ነበር፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ወዲያው ባንቻምላክ ትዝ አለችኝ። ትርኢቱ ነገ ነው። ደወልኩላት።

«አይጨነቁ አባባ» አለችኝ። «ቢቀሩም ግድ የለም።»

ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሕፃን ሳለች ከበቅሎ ወድቃ ጉልበቷ ተልጦ «አላመመኝም» ያለችኝ በዚህ ድምፅ ነው።

«ምን ቀረሁ ብዬሻለሁ? በመኪና እመጣለሁ። አንቺ ጋቢውን ፈልጊ።»

አብረውኝ በረራ የቀረባቸው ሰዎች ተሰባስበን ሚኒባስ ያዝን። በጥድፊያው መካከል ለወዳጆቼ መደወል ረሳሁ። ያስታወስኩት አምበር ስንደርስ ነው፤ ምክንያቱም አለልኝ ከነመንደሩ አስፋልቱን ዘግቶ ቆሟል። ሁሉም አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ ነው መሬት ላይ መኪና መኖሩን ያዩት።

«ጋሼ!» አለ አለልኝ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ። «አውሮፕላኑስ?»

«ጭጋግ መለሰው።»

ፊቱ ሲወድቅ አየሁት። ዘወር ብሎ መስኩን አየ። አንባቢዬ፣ ያ መስክ እንደ ተላጨ ራስ ሆኖ ነበር፤ አንዲት ድንጋይ የለበትም። ዳር ላይ ዳስ ተጥሏል፣ ጋኖች ተደርድረዋል፣ በግ ታርዷል።

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ጠላ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አለልኝ፣ ነገ ልጅቱ ትበራለች፤ እንቸኩላለን።»

«በሞቴ! አንዲት ጉርሻ!»

በሞቴ ተብሎ የሚታለፍ አገር አይደለም። አንዲት ጉርሻ ብለን ወርደን አንዲት ጉርሻ ብቻ የበላ ሰው አላየሁም። ሾፌሩ «ይመሽባችኋል» እያለ ሲነጫነጭ ቆይቶ፣ ሦስተኛ ሰሃን ራሱ ጠየቀ። ባለ ሻንጣዎቹ ተሳፋሪዎች፣ ጠዋት የሳቁብኝ፣ አሁን «አባታችን፣ ቀጣዩ ማረፊያ የት ነው?» ይሉኝ ጀመር። ልንነሳ ስንል አለልኝ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

«ወዴት ነው?»

«እርስዎ እኔ ዘንድ ካላረፉ፣ እኔ እርስዎ ዘንድ አርፋለሁ። ባንቻምላክን ያዘልኳት እኔም ነኝ።»

ደጀን ስንደርስ መሪጌታ ይሁኔ ጃንጥላ ዘርግተው ዐውድማቸው መካከል ቆመዋል። ተማሪዎቻቸው ጭዱን ጠርገው ዙሪያውን በአመድ አስምረውበታል፣ እንግዳው መስመር እንዳይስት። ነገሩን ሲሰሙ እንደ አለልኝ አላዘኑም። «የጸሎት ስህተት ነው» አሉ። «እንዲያርፍ ለመንን፤ የት እንደሆነ ለይተን አልተናገርንም።» ምሳ ቀረበ፤ ሁለተኛ ምሳ በላን። እሳቸውም መቋሚያቸውን ይዘው ሚኒባሱ ውስጥ ከአለልኝ አጠገብ ተቀመጡ። «ልጅቱን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ዓባይን ስንወርድ ሆዴ ሞልቶ፣ ሐሳቤ ግን ከፀሐይዋ ጋር ነበር። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ለሾፌሩ «ጎሃ ፅዮን ላይ እንዳትቆም» አልኩት። «ያ ሰው ከያዘን ነገም አይለቀን።» ከተማዋ ስትታይ ከመቀመጫዬ ዝቅ ብዬ በጋቢዬ ተከናነብኩ። ሾፌሩ ነዳው። ያለፍን መሰለኝ።

«አባታችን» አለ ከኋላ አንዱ፤ «ፈረስ እየጋለበ የሚከተለን ሰው አለ።»

ቱፋ ነው። አለልኝ ደውሎለት ኖሮ፣ በሰባ ምናምን ዓመቱ የፈረሱን ልጓም አላልቶ፣ ቡልኮው ከኋላው እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ይመጣል። መንገዱ ዳገት ነው፤ ሚኒባሱም ከነሁለት ድግሱ ከብዶታል። ደረሰብን። በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«በቅሎ ነጋዴ» አለ እያለከለከ፣ «የወዳጁን ደጅ ተከናንቦ ያልፋል?»

ሰው ባለበት እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ከሚኒባሱ ወርጄ አንገቱን አቀፍኩት። ነገሩን ስነግረው ፈረሱን በመንገድ ለሚያልፍ ዘመዱ አስይዞ፣ ምግቡን ከቤቱ አስመጥቶ፣ «እንግዲያው እኔም ልያት» አለና ተሳፈረ። መሪጌታ ጥግ ያዙለት።

ተሳፋሪዎቹን አዲስ አበባ አውርደን ደብረ ዘይት የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። ባንቻምላክ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። አንድ ሰው ነበር የምትጠብቀው። አራት ሽማግሌ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ እንስራና አንድ መቋሚያ ወረደ። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስትስመኝ ክፍሏን ከትከሻዋ በላይ አየሁት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ከዚያ በቀር ቤቱ አልቋል።

«አባባ እዚህ ይተኛሉ፣ መሪጌታ እዚያ፣ እኔ ወንበሩ ላይ» እያለች ትከፋፍል ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ከማርቆስ እስከዚህ ለራሴ ማረፊያ ስሰበስብ ኖሬ፣ ነገ የምትበረውን ልጅ ማደሪያ አሳጣኋት! እንቅልፍ ያላገኘች በቅሎ እንኳ ዳገት አትወጣም።

መሪጌታን አየኋቸው። አዩኝ። «ቤተ ክርስቲያን የት ነው ልጄ?» አሏት። «ነገ ሰንበት ነው፤ ቅዳሴ እንዳያመልጠን እዚያው ደጀ ሰላሙ ብናርፍ ይሻላል።»

«እንዴት ተደርጎ!» አለች።

«እንዴት ማለት?» አለ ቱፋ። «እኛ ነጋዴዎች ነን። ጣሪያ ሲኖር እንቅልፍ አይወስደንም።» ከዚያ ሲወጣ ወገቡን ይዞ አቃሰተ፤ እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

በማግስቱ ከቅዳሴ ወጥተን ሜዳው ዳር አጥሩን ተደግፈን ቆምን። ሰዉ ብዙ ነው። አውሮፕላኖች ይነሳሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ጭስ ይተፋሉ። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄ ጋቢዬን ይዟል። ቆይቶ አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ተነሳች። ሲበዛ ትንሽ ናት፤ ሁለት ሰው ቢገባባት ሦስተኛው ስንቅ ነው። በድምጽ ማጉያ የባንቻምላክ ስም ተጠራ።

ጋቢዬን በሁለት እጄ ከፍ አደረግኩ። ነፋሱ እየጎተተ ሊነጥቀኝ ታገለ። ይኼኔ አለልኝ የራሱን ጋቢ አውልቆ ከፍ አደረገ። መሪጌታ ጋቢያቸውን በመቋሚያቸው ሰቀሉት። ቱፋ ቡልኮውን ሳሩ ላይ ዘረጋውና አራት ጫፉን እየዞረ አቃናው።

አውሮፕላኗ ዞራ በላያችን መጣች። ዝቅ አለች። አንድ ክንፏን ወደኛ ዘንበል አድርጋ መልሳ አቃናች።

«ሰላም አለችን እኮ!» አለ ቱፋ። አለልኝ ባርኔጣውን አወለቀ። መሪጌታ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ወደ ሰማይ «እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉ። እኔ መናገር አልቻልኩም። እንደዚህ ያለ ነገር በየአሥር ዓመቱ አንዴ ይደርስብኛል፤ ወለላ አልነበረችም እንጂ ደስ ይላት ነበር።

ከወረደች በኋላ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ሳቀች። «አንድ ጋቢ ስፈልግ አራት አገኘሁ አባባ። ሞተሩ ቢጠፋብኝ እንኳ የማርፍበት አላጣም ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ እጄ ታዘዘኝ።»

ሰማችሁ? እኔ ነኝ ያበረርኳት ማለት ይቻላል። አልልም እንጂ ማለት ይቻላል።

ሦስቱ በማግስቱ በመኪና ተመለሱ። እኔ እሷ ዘንድ ጥቂት ሰነበትኩና፣ የመልሱ ቀን በማለዳ ወስዳ አውሮፕላን አሳፈረችኝ። አየሩ ጥርት ያለ ነበር። ወንበሬ መስኮት አጠገብ ነው። ሲነሳ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ፤ አውሮፕላኑን ለማገዝ ነው። ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ «አባቴ፣ አይዞዎት» አለኝ። ስለ እሱ ነበር እኔ የተጨነቅኩት።

ትንሽ ቆይቶ ጎሃ ፅዮንን አወቅኳት። ከከተማዋ ዳር አረንጓዴ ሜዳ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች።

«ቱፋ ቡልኮውን ዘርግቶልኛል» አልኩ።

ጎልማሳው አንገቱን አስግጎ አየ። «የቆርቆሮ ጣሪያ ነው አባቴ።»

«ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ይኼ ያብለጨልጫል?»

ዓባይ ከስራችን ተከፈተ፣ ተዘጋ። ዓይኔን ገልጬ ነው የተሻገርኩት። ወዲያ ማዶ ደጀን ላይ፣ ዐውድማ በሚያህል ክብ ውስጥ፣ ሌላ ነጭ። ደግሞ አምበር ስንደርስ፣ እንደ ተላጨ ራስ በሆነው መስክ ላይ፣ ሌላ።

ያን ጊዜ አንድ እጄን ከመደገፊያው ለቀቅኩ። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አወዛወዝኩላቸው።

«ዛሬ አልደከመንም!» አልኳቸው። «እንዲያው ቢደክመን ግን የምናርፍበትን አውቃለሁ።»